የአባባ ቱፋ ቂንጬ እንዴት ዘገየ

ልንገራችሁ? በሉ «ንገረን» በሉኛ! እንዲያ ነው። ደግሞ አታቋርጡኝ። ይህ ወሬ ሰንሰለት ነው፤ አንዷ ቀለበት ከጠፋችብኝ ተመልሼ ከሀ ነው የምጀምረው፤ ያኔ የምትሰለቹት እናንተ ናችሁ።

አሰላ ከተማ ውስጥ የወይዘሮ አመለወርቅ ቁርስ ቤት የሚባል አለ። በአዘቦት ቀን ዝምተኛ ቤት ነው። እሁድ ሲሆን ግን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት መቀመጫ አይገኝም። ከቅዳሴ የሚመለሰው፣ መንገድ የሚወጣው፣ አርፍዶ የተነሳው፣ ሁሉም እዚያ ነው። እኔን ከአርፋጆቹ ቁጠሩኝ።

የዚያን እሁድ ፉሌን ይዤ ከወጥ ቤቱ መስኮት ሥር ተቀምጫለሁ። ሌሊሴ አባቷን ደግፋ ገባችና አጠገቤ፣ ሙቀት ካለበት ቦታ አስቀመጠቻቸው። አባቷ አባባ ቱፋ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የእህል መኪና ሲነዱ የኖሩ፣ ድሮ ሲገቡ በሩ የሚጠባቸው ትልቅ ሰው። ያን ቀን ግን ጋቢው ብቻውን የገባ ነበር የሚመስለው። ሦስት ሳምንት ታመው ተኝተው እህል አላስጠጋ ብሏቸው ነበር። ሌሊሴ አጥሚት ብትል እምቢ፣ ሾርባ ብትል እምቢ። ሐኪሙም «እስከ ነገ ካልበሉ አስተኝተን ግሉኮስ እንሰካላቸዋለን» ብሏል። ታዲያ በዚያ ጠዋት ራሳቸው አፋቸውን ከፍተው «የአመለወርቅ ቤት ቂንጬ አማረኝ፤ በቅቤ የራሰው» አሉ። ሌሊሴ በነጠላ ጫማ ሮጣ ነው ባጃጅ የጠራችው። የምግብ አምሮት የታመመ ሰው ዘንድ ብዙ እንደማይቆይ ታውቃለቻ!

እኔም ወጉ አይቅር ብዬ ፉሌን ጠጋ አደረግኩና፣ «አባባ፣ እንብላ» አልኳቸው።

«ብላ ልጄ፣ ይባረክልህ። እኔ ቂንጬዬን ነው የምጠብቀው።»

ድምፃቸው በጣም ቀጥኗል። ዓይናቸው መሀል ወዳለው ጠረጴዛ ሄደና ተመለሰ። እዚያ አንድ ሽማግሌ ጀርባቸውን ለእኛ ሰጥተው ብቻቸውን ሻይ ይጠጣሉ።

አጥናፉ መጣ። አጥናፉ የቤቱ አስተናጋጅ ነው። እግሩ ፈጣን ነው፤ አፉ ግን ከእግሩ ይቀድማል።

«አንድ ቂንጬ፣ ቅቤው በደንብ ይሁን» አለች ሌሊሴ።

«እሺ፣ መጣ!»

ባዶ ሳህንና ማንኪያ አምጥቶ ከአባባ ቱፋ ፊት አስቀመጠና በረረ። ይህ የአጥናፉ ዘዴ ነው፤ ማንኪያ የቀረበለት ሰው ቶሎ አይቆጣም። ሩብ ሰዓት ሄደ። ሳህኑ ባዶ እንደሆነ ነው። ሌሊሴ እጅጌውን ያዘችው።

«አጥናፉ፣ ኧረ ምነው?»

«እኔ ምን ላድርግ ሌሊሴ! ዘርፌ ካልጨለፈች በመዳፌ አላመጣው!»

አያችሁ? አጥናፉ አያመጣ፣ አባባ ቱፋ አይበሉ።

ሌሊሴ ተነስታ በመስኮቱ አንገቷን ወደ ወጥ ቤት አስገባች። ዘርፌ፣ የቤቱ ወጥ ሠሪ፣ ጭልፋዋን እንደያዘች እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማለች።

«እትዬ ዘርፌ፣ ቂንጬው አልበሰለም እንዴ?»

«በስሎ ነው እንጂ የቆመው! ቅቤ የለኝም። ያለ ቅቤ ቂንጬ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። ደግሞ ለታመመ ሰው? ደረቅ ስንዴ የአባትሽ ጉሮሮ ላይ ሲቆም ልይ? አላደርገውም፣ የኔ ልጅ።»

«ቅቤው የት አለ?»

«ጓዳ ተቆልፎበታል። ቁልፉ እትዬ አመለወርቅ አንገት ላይ ነው። ከፋሲካ ወዲህ ወርዶ አያውቅም። አንድ ቅል ሙሉ ቅቤ ጠፍቶ ነበር፤ ድመቷ ተጠረጠረች።»

ይህን ስትል አጥናፉ ጣሪያውን አየ። እንግዲህ ቅቤው አይወጣ፣ ዘርፌ አትጨልፍ፣ አጥናፉ አያመጣ፣ አባባ ቱፋ አይበሉ።

ሌሊሴ ወደ ወይዘሮ አመለወርቅ ሄደች። የቤቱ ባለቤት ከአንድ ወንድና ከአንዲት ሴት ጋር አንድ ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል። ቁልፉ አንገታቸው ላይ ይወዛወዛል።

«እትዬ አመለወርቅ፣ አንድ ጊዜ ጓዳውን ይክፈቱልኝ። ለአባዬ ቂንጬ ቅቤ ጠፋ።»

«ቱፋ መጣ? ተመስገን! እከፍትልሽ ነበር ልጄ፣ ግን እንዴት ብዬ ልነሳ? እነዚህን ልጆች ተመልከቻቸው። ከተጋቡ ገና ሳምንታቸው ነው፤ ያዘዙትን ጨጨብሳ በእጃቸው አልነኩትም። ሙሽራ ከቤቴ ባዶ ሆዷን ከወጣች ሰው ምን ይለኛል? አንድ ጉርሻ ሳይቀምሱ ከዚህ አልነቃነቅም።»

ቁልፉን ለሰው አይሰጡም፤ እሱን መጠየቅ ሞኝነት ነው። ሴትዮዋ ክፉ ሆነው አይምሰላችሁ፤ ደግነታቸው ነው አላላውስ ያላቸው። እንግዲህ ወይዘሮ አመለወርቅ አይነሱ፣ ቅቤው አይወጣ፣ ዘርፌ አትጨልፍ፣ አጥናፉ አያመጣ፣ አባባ ቱፋ አይበሉ።

ሌሊሴ በዚያ ስታልፍ አባቷ ቀና አሉ። «መጣ?»

«እየመጣ ነው፣ አባዬ።»

ወደ ሙሽሮቹ ዞረች። ሙሽሪት ሀዊ ትባላለች። የተቀመጡት ከእጅ መታጠቢያው አጠገብ ነው። እጁን የታጠበ ሁሉ ፎጣ አጥቶ ጣቶቹን ያራግፋል፤ ውሃው አንዴ በሀዊ አዲስ ቀሚስ ላይ፣ አንዴ በጨጨብሳው ላይ። እዚያ ካራገፉት አንዱ እኔ ነበርኩ፤ አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

«የኔ እህት» አለች ሌሊሴ፣ «እባካችሁ አንድ ጉርሻ ቅመሱላቸው። አባቴ ታሞ ነው።»

«ይማርልሽ፣ እህቴ! ግን ዝናብ የወረደበት ጨጨብሳ እንዴት ይበላል? ሌላ ቢያመጡም ይኸው ውሃ ነው። የመስኮቷን ጠረጴዛ በስልክ አስይዘን ነበር፤ "እሺ" ብሎን ነበር ያ አስተናጋጅ። ስንመጣ ሰው ተቀምጦባታል። እዚያ ካልሄድን አንበላም፣ አይደል?»

ባልየው «አዎ» አለ፤ ዓይኑ ግን ከጨጨብሳው አልተነሳም። ርቦታል፣ ምስኪን። በሳምንቱ ትዳር ሚስቱ ያልነካችውን ምግብ የሚነካ ጀግና ከየት ይምጣ? እንግዲህ ሙሽሮቹ አይበሉ፣ ወይዘሮ አመለወርቅ አይነሱ፣ ቅቤው አይወጣ፣ ዘርፌ አትጨልፍ፣ አጥናፉ አያመጣ፣ አባባ ቱፋ አይበሉ።

ሌሊሴ በመንገድ በኩል ወዳለው መስኮት ሄደች። እዚያ መምህርት ስንዱ ተቀምጠዋል። ፊት ለፊታቸው የፈተና ወረቀት ተቆልሏል፤ ቀይ እስክሪብቶ በጃቸው፣ የቀዘቀዘ ማኪያቶ በጎናቸው።

«ቲቸር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ለሙሽሮቹ ቦታ ቢለቁላቸው?»

«ሙሽሮች ናቸው? እልልታ የሚገባቸውን እኔ ቀምቼ!» አሉ ደንግጠው። «ደስ እያለኝ ነበር የምለቅላቸው። ግን ይህ የስድሳ ልጅ ፈተና ነው፤ ነገ ጠዋት ውጤት ይጠብቃሉ። ዓይኔ ደክሟል፤ ብርሃን ከሌለ ልክ የመለሰውን ልጅ ስሕተት ብዬ እጥለዋለሁ። ከዚህ ሌላ ብርሃን ያለው መሀል ላይ፣ አምፖሉ ሥር ነው። እዚያ አንድ ወንበር ባዶ ነው። ሄጄ ሽማግሌውን ጠይቄያቸው ነበር። "ሰው አለው" ብለው ፊት ነሱኝ።»

ሌሊሴ ወደ መሀል አየች። ባዶ ወንበር፣ ከጎኑ ሽማግሌው፣ ጀርባቸውን እንደሰጡ። እንግዲህ መምህርት ስንዱ አይለቁ፣ ሙሽሮቹ አይበሉ፣ ወይዘሮ አመለወርቅ አይነሱ፣ ቅቤው አይወጣ፣ ዘርፌ አትጨልፍ፣ አጥናፉ አያመጣ፣ አባባ ቱፋ አይበሉ።

አባባ ቱፋ ጋቢያቸውን ሰብስበው ከዘራቸውን መፈለግ ጀመሩ።

«ሌሊሴ፣ ተይው በቃ። አምሮቱም ጠፋ። ወደ ቤት ውሰጅኝ።»

ልጅቷ ክው አለች። ከቤት ወጥተው፣ ይህን ሁሉ መንገድ መጥተው፣ እዚህ ደርሰው ሳይበሉ ሲመለሱ ሰው እንዴት ይችለዋል? ሳህን ሙሉ ፉል ጨርሼ በመቀመጤ ሆዴን ባወጣው ደስ ባለኝ።

«አባዬ፣ ትንሽ ጠብቀኝ። አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረኝ» ብላ ወደ መሀሉ ጠረጴዛ ሄደች።

ሽማግሌው ጋሽ ቀፀላ ናቸው። በአሰላ የርሳቸውን ኮት ያልለበሰ የድሮ ሰው የለም፤ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ስፌታቸው አይተረተርም ይባላል። ኩርፊያቸውም እንደዚያው ነው።

ገና ሳትናገር «ሰው አለው» አሉ፣ ሻያቸውን እያማሰሉ።

«ማን ነው፣ ጋሼ?»

«ኩሩ ሰው ነው። አንቺም ታውቂዋለሽ።»

«ይመጣል?»

«ይኸው ሦስት እሁድ ሆነው። አልመጣም።»

«ታዲያ የማይመጣ ሰው ወንበር ለምን ይጠብቃሉ?»

ጋሽ ቀፀላ ማማሰሉን ተዉት። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል።

«እዚችው ላይ ነበር የተቀመጠው። ቂንጬው መጣለት። ማንኪያውን አነሳ። እኔ ሻዬን ይዤ እጠብቃለሁ። ሠላሳ ዓመት፣ እሁድ በእሁድ፣ "ቀፀላ፣ እንብላ" ሳይለኝ ማንኪያ ወደ አፉ ወስዶ አያውቅም። ያን ቀን ዝም! እንደማያውቀው መንገደኛ ዝም አለኝ። እኔም ፊቴን አዞርኩ። ወጥቶ ሲሄድም አላየሁት። ይኸው እስከ ዛሬ እንዳዞርኩ ነኝ።»

የሌሊሴ ዓይን እንባ ሞላ።

«ጋሼ፣ ያን ቀን ልወስደው የመጣሁት እኔ ነበርኩ። ቂንጬው እንዳለ ነበር። ማንኪያውን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው፤ አልቀመሰውም። በሽታው የጀመረው ያን ቀን ነው። የማይበላ ሰው ምኑን "እንብላ" ይበል?»

«ታሞ ነበር?»

«ሦስት ሳምንት ተኛ። ያለፈው አልፎ ዛሬ ቂንጬ አማረኝ ብሎ ነው የመጣነው። እዚያ ነው፣ ከኋላዎ፣ ወጥ ቤቱ መስኮት ጋ።»

አሁን ይዘላሉ ብዬ ነበር። አልዘለሉም። የሻይ ብርጭቆውን ወዲያ ገፉት።

«አገር ሲጠይቀው እኔ ሳልጠይቀው!» አሉ። «እኔ ቤቴ ተቀምጬ ሳኮርፍ እሱ ተኝቶ! በምን ዓይኔ ዞሬ ልየው? ሂጂ ልጄ፣ ተይኝ።»

ይኸው ነው። አሁን ቂሙ አልቋል፤ በቂሙ ፋንታ ሐፍረት ተቀምጧል፤ ሐፍረት ደግሞ ከቂም ይከብዳል። እንግዲህ ጋሽ ቀፀላ አይዞሩ፣ ወንበሩ አይለቀቅ፣ መምህርት ስንዱ አይለቁ፣ ሙሽሮቹ አይበሉ፣ ወይዘሮ አመለወርቅ አይነሱ፣ ቅቤው አይወጣ፣ ዘርፌ አትጨልፍ፣ አጥናፉ አያመጣ፣ አባባ ቱፋ አይበሉ።

ታዲያ አባባ ቱፋ ሁሉንም ሰምተው ኖሯል። ጆሯቸው አልታመመም። ከዘራቸውን ይዘው ከወንበራቸው ግማሽ ተነስተው ነበር፤ ተመልሰው ተቀመጡ። ያን አጥናፉ ያስቀመጠውን ባዶ ሳህን ወደ ራሳቸው ሳቡ። ማንኪያውን አነሱ። ከዚያም ባላቸው ድምፅ ሁሉ ተጣሩ።

«ቀፀላ! እንብላ!»

ዘርፌ ጭልፋዋን እንደያዘች በመስኮቱ ብቅ አለች። ጋሽ ቀፀላ ቀስ ብለው ዞሩ። ጓደኛቸውን አዩ፤ ጋቢውን አዩ፤ የቀጠነውን እጅ አዩ። ኮት ሲለኩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ከዚያ ትከሻ ስንት ጣት እንደቀነሰ ሳይገባቸው አልቀረም።

በመጨረሻ «ሳህኑ ባዶ ነው እኮ፣ ቱፋ» አሉ።

«ባዶ ስለሆነ ነዋ የጠራሁህ። ብቻዬን አልችለውም።»

ጋሽ ቀፀላ ተነሱ። አካሄዳቸውን ማን አየው፤ ድንገት አባባ ቱፋን አንገታቸውን አቅፈው አየናቸው። «ይቅር በለኝ»፣ «አንተ ይቅር በለኝ»፣ «አይሆንም፣ አንተ»፤ በዚህ ደግሞ ሊጣሉ ነበር።

ከዚያማ ምን ልበላችሁ። ጋሽ ቀፀላ ሲነሱ ወንበሩ ተለቀቀ። ወንበሩ ሲለቀቅ መምህርት ስንዱ ስድሳውን ፈተና ታቅፈው አምፖሉ ሥር ገቡ። መምህርት ስንዱ ሲገቡ ሙሽሮቹ ወደ መስኮቱ ሮጡ፤ ባልየው ገና ሳይቀመጥ ጎረሰ፣ ዝናብ የወረደበትንም አልመረጠ፤ ሀዊም ሳቀችና ቀመሰች። ሙሽሮቹ ሲቀምሱ ወይዘሮ አመለወርቅ ተነሱ፣ ቁልፉን ከአንገታቸው አወጡ። ጓዳው ሲከፈት ቅቤው ወጣ። ቅቤው ሲወጣ ዘርፌ አቀለጠችው፣ ሽታው ቤቱን ሞላው፣ ጨለፈች። ዘርፌ ስትጨልፍ አጥናፉ አመጣ፤ «እሺ፣ መጣ!» እያለ መጣ።

ቂንጬው ከሁለቱ ሽማግሌዎች ፊት አረፈ። ቅቤው ከላይ ቢጫ ሆኖ ይብለጨለጫል። ሁላችንም የማናይ መስለን እያየን ነው። ሌሊሴ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ያንን ማንኪያ ስንት ጊዜ ከአባቷ አፍ ሲመለስ አይታለች፤ ዛሬም ሲመለስ ማየት አልቻለችም።

አባባ ቱፋ አንድ ማንኪያ ሞሉ። ወደ አፋቸው አልወሰዱትም። ማንኪያውን ወደ ጋሽ ቀፀላ ዘረጉት።

«በሞቴ።»

ጋሽ ቀፀላ ጎረሱ። ማኘክ አቅቷቸው ቆዩ፤ እንባቸው ቀድሟቸው ነበር። ከዚያ ማንኪያውን ከጓደኛቸው እጅ ተቀበሉና እሳቸውም ሞሉት።

«አንተም በሞቴ። በሠላሳ ዓመታችን።»

አባባ ቱፋ አፋቸውን ከፈቱ። ጎረሱ። አላመጡ። ዋጡ። ሁለተኛውን ራሳቸው ጨለፉ። ሦስተኛውን አልጠበቅኩም፤ እኔም መሀረብ ፍለጋ ኪሴን እየበረበርኩ ነበር። ከዚያ በኋላ የሰማሁት ማንኪያ የሳህኑን ታች ሲፍቅ ነው። ሌሊሴ ያንን ድምፅ ስትሰማ ዞረች።

አባባ ቱፋ ባዶውን ሳህን በሁለት እጃቸው አንስተው ወደ ወጥ ቤቱ መስኮት ዘረጉት።

«ዘርፌ፣ ድገሚኝ።»

አጥናፉ ሳህኑን ተቀበለና «እሺ፣ መጣ!» አለ። ቤቱ በሙሉ ትንፋሹን ዋጠ። አስተናጋጁን፣ ዘርፌን፣ ቁልፉን፣ ሙሽሮቹን፣ መስኮቱን፣ ወንበሩን፣ ሁሉንም በዓይናችን ዞርን። ግን መጣ። ወዲያው መጣ። ሌሊሴ መሬት ላይ ቁጭ ብላ በአባቷ ጉልበት ላይ አለቀሰች፤ እሳቸውም አንድ እጃቸውን ፀጉሯ ላይ አድርገው በሌላው ይበላሉ።

በቃ፣ ሰንሰለቴ እዚህ ተፈታ። ስነግራችሁ እኔም ራበኝ። የናንተን እንጃ፤ ሳህኔ ላይ ያለው ትንሽ ነው፣ ግን ጠጋ በሉ። እንብላ።